ኃይሉ ከፍ ለተደረገ የጭነት መኪና ሞተር የናፍጣ ማጣሪያ አመራረጥ

ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ዕቃ የሚያመላልስ ባለመኪና ሁሉ አጥብቆ የሚመኘው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሙሉ ጭነት የያዘው መኪናው ዳገቱን ሳያቃስት እንዲወጣለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ተፈትቶ በሚታደስበት ጊዜ እንደ ቀድሞው ሆኖ እንዲመለስለት ብቻ ሳይሆን ኃይሉም እንዲጨመርለት ያዝዛል። በትእዛዙም መሠረት ቱርቦው በሚበልጥ ቱርቦ ይተካል፤ ኢንጄክተሮቹ ብዙ ናፍጣ በሚረጩ ይለወጣሉ፤ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓውም እንደዚሁ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከወዳጅ ወይም ከባንክ የሚበደርም አለ። በጋራዥ ቋንቋ ፊልትሮ የሚባለው የናፍጣ ማጣሪያ ግን ዋጋው ከሁሉ የሚያንስ ስለ ሆነ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአሮጌው ቦታ ላይ በቅርብ የተገኘው ይገጠማል። ብዙ የተደከመበት ሞተር የወጣበትን ገንዘብ ሳይመልስ የሚታመመው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ማጣሪያ ሁለት ተግባር አለበት። አንደኛው ቆሻሻንና ውሃን ማገድ ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩ የሚፈልገውን ናፍጣ ሳያጓድል ማሳለፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ናቸው። ወንፊት በደቀቀ መጠን ዱቄቱ እየጠራ ይሄዳል፤ ነገር ግን የሚነፋው በዝግታ ነው። የማገድን ነገር ብቻ አስቦ እጅግ ደቃቅ ማጣሪያ የሚገጥም ሰው ሞተሩን ያስርበዋል፤ የማሳለፍን ነገር ብቻ አስቦ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን የሚገጥም ደግሞ ፖምፓውንና ኢንጄክተሩን ያስበላል። እንግዲህ የመምረጥ ጥበቡ ሁለቱን አስታርቆ ማግኘት ነው።

1ኛ፤ ስለ ቆሻሻው መጠን

የማጣሪያ መለኪያ ማይክሮን ይባላል፤ እርሱም የ1 ሚሊ ሜትር 1,000ኛ እጅ ነው። የሰው የራስ ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን፥ ከ40 ማይክሮን ያነሰውን ነገር ዐይን ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ናፍጣን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን በማየት ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

በዛሬዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ናፍጣው ለሁሉም ኢንጄክተሮች በጋራ በሚያገለግል አንድ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጠራቀማል። ይህ ሥርዓት በጃፓኑ የሂኖ የጭነት መኪና ላይ ለገበያ የዋለው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ግፊቱ እያደገ ሄዶ በብዙ ሞተሮች ከ2,000 ባር በላይ ደርሷል። ይህን ግፊት ለመያዝ በኢንጄክተሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው መርፌና ቤቱ እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው።

ብዙ ሰዎች ቆሻሻ የሚጎዳው የኢንጄክተሩን ጫፍ ቀዳዳ በመድፈን ይመስላቸዋል። የጫፉ ቀዳዳ ግን ስፋቱ ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ገደማ ስለ ሆነ ደቃቁን አሸዋ ያሳልፈዋል። ከፍ ያለው ጉዳት የሚደርሰው በመርፌውና በቤቱ መካከል ነው። እንደ ክፍተቱ ያለ ጥቂት ማይክሮን የሚያህል ጠጣር ብናኝ በዚያ ገብቶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ከዚያ በኋላ ኢንጄክተሩ በደንብ አይዘጋም፤ ናፍጣው ከመጠን በላይ ይንጠባጠባል፤ ጭሱ ይበዛል፤ ሲብስም የፒስተኑ ራስ ይቃጠላል። ኃይሉ በተጨመረ ሞተር ላይ ይህ አደጋ ይበረታል፤ ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ውስጥ የሚያልፈው ናፍጣ በዝቷልና ከእርሱ ጋራ የሚያልፈውም ብናኝ በዚያው ልክ ይበዛል።

2ኛ፤ የማይክሮኑ ቁጥር ብቻውን ስለማይበቃ

አንድ ባለሱቅ ሁለት ማጣሪያዎችን አቅርቦ ሁለቱም «10 ማይክሮን» ናቸው ቢል ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። መጠየቅ የሚገባው «ከ100 የ10 ማይክሮን ብናኞች ስንቱን ያግዳል?» የሚል ነው። ለዚህም ሙያተኞቹ ቤታ የሚሉት ቁጥር አለ፤ እርሱም ወደ ማጣሪያው የገቡት ብናኞች ቁጥር ከማጣሪያው ላመለጡት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቤታው 2 የሆነ ማጣሪያ ከሁለቱ አንዱን ያሳልፋል፤ ማለት የሚያግደው ግማሹን ብቻ ነው። ቤታው 75 የሆነው 98.7 በመቶ፥ ቤታው 200 የሆነው 99.5 በመቶ ያግዳል።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነው። 1,000,000 ብናኝ ወደ ሁለቱ ማጣሪያዎች ቢገባ ቤታው 2 የሆነው 500,000ውን ያሳልፋል፤ ቤታው 200 የሆነው 5,000 ብቻ። በካርቶኖቹ ላይ የታተመው ግን ያው 10 ማይክሮን ሊሆን ይችላል። ደካማውን አብዛኛውን ጊዜ «ኖሚናል» ይሉታል፤ ጠንካራውን «አብሶሉት» ይሉታል። ስለዚህ የሚያግደው በመቶ ስንት እንደ ሆነ ያልተገለጸበት ማጣሪያ ኃይሉ ለተጨመረ ሞተር አይታመንም።

በዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ቁጥር የተገኘው ናፍጣው በእኩል ፍጥነት በሚፈስበት ሁኔታ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ፥ ነጂው ነዳጅ እየሰጠና እየለቀቀ የሚነዳው መኪና ማጣሪያውን ያናውጠዋል፤ የተያዘውም ብናኝ በከፊል ተላቅቆ ሊያልፍ ይችላል። ከሰው ሠራሽ ጭረት ወይም ከመስተዋት ጭረት የተሠራ ማጣሪያ ይህን ንውጥውጥታ ከተራው ወረቀት ይልቅ ይችላል፤ ወረቀቱም ውሃ ሲያገኘው ያብጣል።

3ኛ፤ ሞተሩ የሚፈልገውን ናፍጣ ስለ ማስላት

ማጣሪያው ምን ያህል ማሳለፍ እንዳለበት በግምት ሳይሆን በስሌት ይታወቃል። ደኅና የናፍጣ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለ1 የፈረስ ጉልበት በ1 ሰዓት ውስጥ 164 ግራም ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። 1 ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ መሠረት 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሰዓት 59 ሊትር ገደማ ያቃጥላል፤ ኃይሉ ወደ 500 ከፍ ሲል ፍጆታው 98 ሊትር ገደማ ይሆናል።

ነገር ግን በማጣሪያው የሚያልፈው የሚቃጠለው ብቻ አይደለም። ፖምፓውንና ኢንጄክተሮቹን እያቀዘቀዘና እያለሰለሰ ወደ ሰልባትዮው የሚመለሰውም ናፍጣ በዚያው ማጣሪያ ያልፋል። ስለዚህ ለመነሻ ያህል የሚቃጠለውን እጥፍ አድርጎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ግን የሚሰጠው የፖምፓው መመሪያ ነው። በሰዓት 380 ሊትር የሚገፋ የኤሌክትሪክ መጋቢ ፖምፓ ቢጨመር፥ የተረፈውን የሚመልሰው ባልቦላም ከማጣሪያው በኋላ ቢሆን፥ ማጣሪያው የሚሸከመው 380ውን ሊትር በሙሉ ነው እንጂ ሞተሩ የሚያቃጥለውን ብቻ አይደለም።

ይህን ጉዳይ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ በአሜሪካ አገር ይገኛል፤ በዚያ የፒክአፕ መኪናን የናፍጣ ሞተር ኃይል መጨመር እጅግ የተስፋፋ ሥራ ነውና። ጄኔራል ሞተርስ በአገራችን መንገዶች ላይ ስሙ ከሚታወቀው ከጃፓኑ አይሱዙ ጋራ በሽርክና የሠራው ዱራማክስ የተባለው 6.6 ሊትር፥ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በ2001 ሞዴል ፒክአፖች ላይ በ300 የፈረስ ጉልበት ቀረበ። በእነዚህ ፒክአፖች ላይ እስከ 2016 ሞዴል ድረስ በሰልባትዮው ዘንድ መጋቢ ፖምፓ አልነበረም፤ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ራሱ ናፍጣውን ከኋላ ጀምሮ በማጣሪያው አሳልፎ ይመጥጥ ነበር። በፋብሪካው ኃይል ይህ አሠራር ይበቃ ነበር። ኃይሉ ሲጨመርና በላዩም ደቃቅ ማጣሪያ ሲገጠም ግን መምጠጡ ይከብዳል፤ በናፍጣው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሞተሩም ኮምፒዩተር ኃይሉን ይቀንሳል። ስለዚህ ኃይል የሚጨምሩት መካኒኮች በሰልባትዮው አጠገብ መጋቢ ፖምፓ መጨመርን የሥራቸው መጀመሪያ አደረጉት። ማጣሪያ ከሚያገለግለው ፖምፓ ተለይቶ እንደማይመረጥ ከዚህ መማር ይቻላል።

4ኛ፤ ስለ ደጋው አየርና ስለ ዳገቱ

ይህ ትምህርት ለደጋ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። መምጠጥ የሚባለው ነገር በእውነቱ አየር ናፍጣውን መግፋቱ ነው፤ ፖምፓው ባዶ ቦታ ያዘጋጃል፤ በሰልባትዮው ላይ ያለው አየር ደግሞ ናፍጣውን ወደዚያ ይገፋዋል። በጂቡቲ ወደብ፥ በባሕር ወለል ላይ፥ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን ሩብ ያህል ይቀንሳል። በአሥመራም እንዲሁ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በወደቡ ላይ ያለ ችግር የሚመጥጥ ሞተር ያንኑ ማጣሪያ ይዞ በደጋው ላይ ሊራብ ይችላል።

ችግሩ የሚበረታው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ጎሃ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን የሚወጣ ባለጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል፤ የሚገፋው አየር ግን በየሜትሩ እየሳሳ ይሄዳል። ጉዞው በማለዳ ብርድ የተጀመረ እንደ ሆነ ናፍጣው ወፍራም ስለሚሆን በደቃቁ ማጣሪያ በቶሎ አያልፍም። መኪናው ጉልበት አጥቶ በጠመዝማዛው ላይ ሲቆም በኋላው ያለውን መንገደኛ ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። በጋራዥ ግቢ ውስጥ በባዶው ተነሥቶ ደኅና ድምፅ ያሰማ ሞተር ተፈትኗል አይባልም፤ ማጣሪያው የሚፈተነው ጭነት ተይዞ በዳገት ላይ ነው።

5ኛ፤ በሁለት ደረጃ ስለ ማጣራት

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። እህል አስቀድሞ በሰፌድ እንደሚበጠር፥ ዱቄቱም በኋላ በወንፊት እንደሚነፋ፥ ናፍጣም እንዲሁ በሁለት ማጣሪያ ቢያልፍ ይሻላል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ከሰልባትዮው ቀጥሎ፥ ከመጋቢው ፖምፓ በፊት ይቀመጣል። በዚህ ቦታ የሚገፋው አየር ብቻ ስለ ሆነ ማጣሪያው ሻካራ፥ ማለት ከ10 እስከ 30 ማይክሮን የሆነ፥ ስፋቱም ትልቅ መሆን ይገባዋል። ዋና ተግባሩም ውሃን መለየት ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ባለው ጽዋ ይዘቅጣል፤ ጽዋው የሚያሳይና ከሥሩ ማፍሰሻ ያለው ቢሆን ነጂው በየጠዋቱ አይቶ ሊያፈስሰው ይችላል። ሁለተኛው ማጣሪያ ከመጋቢው ፖምፓ በኋላ ይመጣል። በዚህ ቦታ ፖምፓው ናፍጣውን በግፊት ስለሚገፋው ደቃቅ፥ ማለት ከ2 እስከ 5 ማይክሮን የሆነና ቤታው ከፍ ያለ ማጣሪያ ሊገጠም ይቻላል።

የውሃው ነገር እንደ ቀላል አይታይ። ውሃ የብረቱን ገጽ ያዝጋል፤ የናፍጣውን ማለስለስ ያጠፋል፤ ወደ ኢንጄክተሩ ጫፍ ሲደርስም በሙቀቱ በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ጫፉን ሊሰብረው ይችላል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ወሰን ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ሕዋሳትም ዝቃጭ ሠርተው ማጣሪያውን ይደፍናሉ። ይህ ውሃ ሁልጊዜ ከማደያው የመጣ አይደለም። በቆላው ቀን የጋለ፥ ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ በደጋው ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በግድግዳው ላይ ያወርዳል። ስለዚህ ሰልባትዮውን ማታ ሞልቶ ማሳደር ጠዋት ከመሙላት ይሻላል።

6ኛ፤ ሲገዛና ሲገጠም ሊጠበቅ ስለሚገባው

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሚያሳልፈው ናፍጣ በሰዓት ስንት ሊትር እንደ ሆነ፥ ስንት ማይክሮንና በመቶ ስንት እንደሚያግድ፥ ውሃም ይለይ እንደ ሆነ ነው። በዋጋ መካከል ምርጫ ከተገኘ ትልቁን መምረጥ ይበጃል። የማጣሪያው ገጽ ስፋት እጥፍ ሲሆን በውስጡ የሚጠፋው ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። አንድ ትልቅ ማጣሪያ ለማስቀመጥ ቦታ ከጠበበ ሁለቱን ጎን ለጎን አገናኝቶ ናፍጣውን ማካፈል ይቻላል።

የብሎኑ ጥርስ ስለ ገጠመ ብቻ ማጣሪያው ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። በአንድ ዓይነት ጥርስ የሚገቡ፥ በውጭ መልካቸው የማይለያዩ፥ በውስጣቸው ግን አንዱ ሻካራ ሌላው ደቃቅ የሆኑ ማጣሪያዎች አሉ። የዘይት ማጣሪያ በናፍጣ ማጣሪያ ቦታ የሚገጥምበትም ጊዜ አለ። የዘይት ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ሲደፈን የሚከፈት ባልቦላ አለውና ያልተጣራውን ያሳልፋል፤ ይህም ለዘይት ሞተሩን ከመድረቅ የሚያድን ሲሆን ለናፍጣ ፖምፓ ግን ጥፋት ነው። እንግዲህ የሚታመነው ጥርሱ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ የሚገኘው የአሠሪው መግለጫ ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ አንዳንድ ሠራተኞች አየር እንዳይገባ ብለው አዲሱን ማጣሪያ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልተው ያስሩታል። በደቃቁ ማጣሪያ ላይ ይህን ማድረግ አይገባም፤ የተጨመረው ናፍጣ በማጣሪያው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ፖምፓው የሚሄድበት መንገድ አለና። አየሩን በእጅ ፖምፓ ወይም በኤሌክትሪኩ ማስወጣት ይበቃል። እጅና የማጣሪያው ራስ ንጹሕ ይሁኑ፤ ጎሚኒውም አዲሱ ይሁን፤ አሮጌው በቦታው ተጣብቆ ቀርቶ በላዩ አዲስ እንዳይታሰር ይታይ።

ማጣሪያን ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መለወጥም ጥቅም የለውም። አዲስ ማጣሪያ የሚያግደው ጥቂት ከሠራው ያነሰ ነው፤ በላዩ የተሰበሰበው ብናኝ ራሱ ወንፊት ሆኖ ያግዛልና። በተከፈተም ቁጥር አዋራ የመግባቱ ነገር አለ። የሚለወጥበትን ጊዜ በእውነት የሚናገረው የግፊት መለኪያ ነው። ከደቃቁ ማጣሪያ በኋላ ወደ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ አንድ መለኪያ ቢገጠም፥ ማጣሪያው አዲስ ሳለ በዳገት ላይ የታየው ቁጥር ተጽፎ ይቀመጥ። ያ ቁጥር እየወረደ ሄዶ በመመሪያው ወደ ተጻፈው ዝቅተኛ ወሰን ሲጠጋ የመለወጫው ቀን ደርሷል። መለኪያው በመጀመሪያው ቀን እንኳ ከወሰኑ በታች ካሳየ ግን ጥፋቱ የማጣሪያው እርጅና ሳይሆን የአመራረጡ ስሕተት ነው፤ ሌላ እንዲያ ያለ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም አንዳንዱ ባለመኪና ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ማጣሪያውን ጨርሶ ያስወጣል፤ ወይም በሻካራው ብቻ ይነዳል። መኪናውም ለጥቂት ጊዜ በደስታ ይሮጣል። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው፤ የጥቂት ሳምንት ጉልበት ተገዝቶ ፖምፓውና ኢንጄክተሮቹ ይከፈሉበታል። ፖምፓው ተበልቶ የብረት ደቃቅ ማውጣት ከጀመረ ደግሞ ያ ደቃቅ በመስመሩ ሁሉ ይሠራጫል፤ ያን ጊዜ ፖምፓውን ብቻ መለወጥ አያድንም፤ ቱቦውም፥ ኢንጄክተሩም፥ ሰልባትዮውም አብረው መጽዳት ወይም መለወጥ አለባቸው።

ስለዚህ የሞተሩን ኃይል ለመጨመር የወሰነ ባለንብረት ከመካኒኩ ጋራ ሲዋዋል የቱርቦውንና የኢንጄክተሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ማጣሪያዎች፥ የመጋቢውን ፖምፓና የግፊት መለኪያውን ዋጋ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ። ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ የሚጨመረውን ኃይል መቀነስ ማጣሪያውን ከመቀነስ ይሻላል፤ በ400 የፈረስ ጉልበት ዓመታት የሚሠራ መኪና በ500 ሠርቶ በወራት ከቆመው ይልቅ ለባለቤቱ እንጀራ ይሆናልና።